የዘንዘልማዋ ሻጭ

ሕዝቅኤልን ያገኘው ዓሣ አስጋሪው አዘዘ ነው። ሰኞ ጧት፣ ከዘንዘልማ ቁልቁል፣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ጥቅጥቅ ባለበት የሐይቁ ዳር መረቡን ሊያነሣ ወርዶ የገዛ ታንኳውን ደንገሉ መሐል ተሰንቅሮ አየው። ውስጡ ሰው በጀርባው ተኝቷል። አዘዘ የሰከረ መስሎት ተሳደበ። ጠጋ ሲል ዓይኑ እንደ ተከፈተ ነው። ከግራ ጆሮው በላይ ራሱ ተፈንክቷል፤ ደሙን ውኃው አጥቦታል።

አዘዘ ወደ ፖሊስ አልሄደም፤ ወደ እኔ ግቢ ነው የሮጠው። «እትዬ ጽጌ፣ የእርስዎ ተከራይ...» ብሎ ሳይጨርስ ደጃፌ ላይ ቁጭ አለ።

ጽጌ እኔ ነኝ። ሕዝቅኤል ግቢዬ ውስጥ ባለችው ክፍል ሦስት ዓመት ኖሯል። ለስልክ የሚሆን ፕሮግራም የሚሠራ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ የአንበሳሜ ልጅ ነበር። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ይህንንም እኔ እየተናገርሁ ሌላ ሰው ነው የጻፈው። ሞኝ ናት ያለኝ ግን እስካሁን አልተወለደም።

ፖሊስ መጣና ከሁሉ አስቀድሞ አዘዘን ያዘው። ታንኳው የሱ፣ ሬሳውን ያገኘ እሱ፤ ለነሱ በቂ ነው። ከቀትር በኋላ ደግሞ ሰማያዊ ሹራብ የደረበች አንዲት ሴት ብቻዋን በባጃጅ መጣች።

«የሟቹ ክፍል የትኛው ነው እማማ?»

«አንቺ ማን ነሽ?»

«ኢንስፔክተር እናትዓለም እባላለሁ። ጉዳዩን የያዝሁት እኔ ነኝ።»

«አለቃሽስ የት አለ?»

«ለዚህ ጉዳይ አለቃው እኔው ነኝ።»

«እንግዲያ ጫማሽን ጥረጊ። ልጁ ክፍሉን በንጽሕና ነው የሚይዘው።»

ይይዝ ነበር ማለት ነበረብኝ። ሴትዮዋ ሰምታኛለች፤ አላረመችኝም። ጎንበስ ብላ ጫማዋን ጠረገች። ያን ጊዜ ወደድኋት።

ክፍሉ ውስጥ ብዙ አልቆየችም። ኮምፒዩተሩን አሽጋ ግቢው ውስጥ ለቀሩት ፖሊሶች ሰጠች። ስልኩ የለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሐይቁ ዳር አብረን እንወርዳለን? አዘዘን የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ።»

«እሱን የማያውቅ ማን አለ? ለፍላፊ ነው።»

ወረድን። ታንኳው ከደንገሉ ወጥቶ መሬት ላይ ተጋድሟል። አጠገቡ ሌሎች ሦስት ታንኳዎች ዛፍ ተደግፈው ቆመዋል፤ የሐይቅ ሰው ሥራውን ሲጨርስ ታንኳውን እንዲደርቅ እንዲያ ያቆመዋል። እናትዓለም የተጋደመውን አይታ እኔን አየች።

«ገዳዩ ከነዚህ ሁሉ አሮጌውን ለምን መረጠ?»

አባቴ ከሐይቁ ማዶ፣ ደልጊ፣ ታንኳ ሠሪ ነበር፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ አላጣም። «አዘዘ ሞኝ ነው፤ እንዲህ ያለ ሞኝ ግን አይደለም» አልኋት። «ይሄኛው የራሰ ነው፤ ሊጣል የቀረበ። የራሰ ታንኳ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ ነፋስ አያነሣውም፤ ደንገል ካገኘ እዚያው ይቀራል። ሬሳ ወደ ጥልቁ ልስደድ ያለ የሐይቅ ሰው ደረቁን ያወርድ ነበር። በማግስቱ አባይ አፍ ላይ ነበር የምታገኙት።»

«እንግዲያ ታንኳ የማያውቅ ሰው ነው።»

«መሬት ላይ ተጋድሞ ያገኘውን የገፋ ሰው ነው።»

ዳሩ ላይ፣ መውረጃው አጠገብ ካለ ጥቁር ድንጋይ ደም ተገኘ። አዘዘ እሑድ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ማታ ከተማው ዓሣ ገበያ ሲለፈልፍ ሃያ ሰው አይቶታል። ማክሰኞ ተለቀቀ። ሐኪሙ ልጁ የሞተው እሑድ ዐሥር ሰዓት ግድም ነው አለ።

ማክሰኞ ሬሳው ወደ አንበሳሜ፣ ወደ እናቱ ሄደ። እኔ ጉልበቴ አላስኬደኝም። የሰፈሩ ሰው ግን ግቢዬ ውስጥ ድንኳን ተክሎ ለልቅሶ ተቀመጠ።

ልጄ ምናሴም መጣ። ምናሴ ጠበቃ ነው፤ ከተማ ውስጥ ቢሮ አለው። አንድ ልጅ ነው ያለኝ። ከሐይቁ አርቄ፣ እግሩን ጭቃ ሳላስነካ ያስተማርሁት ልጅ ነው፤ መንደሩም ይህን ሲሰማ ኖሯል፤ እኔ ነኝ ያሰማሁት። ሕዝቅኤልን ከውጭ ገበያ ያገናኘው እሱ ነበር። ልጁ ፕሮግራሙን ይሠራል፣ ምናሴ ወረቀቱን ይጨርሳል።

እናትዓለም ከድንኳኑ ጥግ አስቀምጣ ጠየቀችው። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ቤቴ ነው፤ ማን ያስነሣኛል?

«ፕሮግራሙ ምን ነበር?»

«የጾምና የበዓል መቁጠሪያ ነው» አለ ምናሴ። «ቀኑን ስትነኪው የዕለቱን ንባብ በቄስ ድምፅ ያሰማሻል። ውጭ የተወለዱ የኛ ሰዎች ልጆች ይገዙታል።»

«ሻጩ ማን ነው?»

«እሱ ነዋ። እኔ ማመልከቻ ነው ያዘጋጀሁለት፤ ስሙን አድራሻውን ራሱ ነው የሞላው።»

«ጠላት ነበረው?»

ምናሴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው አልወነጅልም። ግን ከቄስ ገብረ መስቀል ጋር ተጣልተው ነበር። ድምፁ የሳቸው ነው። በነጻ የሚታደል መስሏቸው አነበቡለት፤ ኋላ እንደሚሸጥ ሲሰሙ ተቆጡ።»

«አንተ እሑድ የት ነበርህ?»

«ደልጊ። የመሬት ክርክር ያለው ደንበኛ አለኝ። ቅዳሜ ሄጄ ሰኞ ማታ ነው የተመለስሁ።»

ደብተሯ ላይ ጻፈች። እኔ ልጄ እንዴት ረጋ ብሎ እንደሚናገር እያየሁ ነበር። ኮርቼ ነበር፤ አልዋሽም።

ረቡዕ ጧት ሀኒ መጣች። ሀኒ የሕዝቅኤል እጮኛ ናት፤ ያዲሳባ ልጅ፣ እዚህ ኮሌጅ የምታስተምር። በጥር ሊጋቡ ነበር። እሑድ ቀኑን ሙሉ ተማሪ ስትፈትን ውላለች፤ ፖሊስ አጣርቷል። እናትዓለም ከኮምፒዩተሩ ያወጣችውን አንድ የፈረንጅ ደብዳቤ ሰጠቻት።

ሀኒ አነበበች፤ ደግማ አነበበች። «ይሄን ለኔ አላሳየኝም» አለች።

«ምን ይላል?»

«የላከው ፕሮግራሙ የሚሸጥበት የኢንተርኔት ሱቅ ነው። ጀርመን የምትኖር አንዲት ገዢ ፕሮግራሙ ስልኳ ላይ አልከፈት አላት። ለሻጩ ጻፈች፤ የሚመልስላት የለም። የሸማቾችን መብት ለሚያስከብሩት አመለከተች። እነሱ ሱቁን ያዙት፤ ሱቁ ደግሞ ሻጩን ማንነትህን በመታወቂያ አረጋግጥ፣ ያለዚያ ፕሮግራሙ ይወርዳል ብሎ ጻፈ።»

«ለአንድ ስልክ?» አልሁ።

«እዚያ ሕጉ እንደዚያ ነው እማማ። ለተራ ሰው የሚሸጥ ሁሉ፣ በእጅ የማይያዝ ፕሮግራም እንኳ ቢሆን፣ ትክክለኛ ስሙንና አድራሻውን ገዢው ከመግዛቱ በፊት ያሳያል። ገዢው ዐሥራ አራት ቀን ውስጥ ሐሳቡን መቀየር ይችላል። ሻጩ ይሄንን መብት አስቀድሞ ካልነገረው ደግሞ ጊዜው አንድ ዓመት ይጨመርበታል። ሻጩ ሌላ አገር ነኝ ቢል አያመልጥም፤ እዚያ አገር ላለ ሰው አስቦ እስከሸጠ ድረስ የገዢው አገር ሕግ ይከተለዋል።»

«ባሕር ተሻግሮ ዘንዘልማ ይመጣል?»

«ይመጣል።»

«የኛው ከቀበሌ እስከ ቤቴ መምጣት አቅቶት ሁለት ዓመቱ ነው።»

እናትዓለም አልሳቀችም። «ሻጩ ማን ተብሎ ነው የተጻፈ?» አለች።

ሀኒ ወረቀቱን አዞረችላት። «እኔንም ያልገባኝ እሱ ነው። ሕዝቅኤል አይልም። ወለተ ሚካኤል ነው የሚለው። ወለተ ሚካኤል፣ ዘንዘልማ፣ ባሕር ዳር።»

«እማማ፣ በዚህ ሰፈር ወለተ ሚካኤል የምትባል ሴት ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አልሁ።

ዋሸሁ። ወለተ ሚካኤል የክርስትና ስሜ ነው።

የክርስትና ስም እንደ መጠሪያ ስም በየመንገዱ አይጣልም። ክፉ ሰው ከናት ስም ጋር አጋጥሞ ካገኘው ይሠራበታል ይባላል፤ እናቴ እንዳስጠነቀቀችኝ እኔም ለባሌ እንኳ ሳልነግረው ነው የቀበርሁት። ለፖሊስ ነው የምነግረው? ደግሞም ወለተ ሚካኤል ተብላ የተጠመቀች ሴት በዚህ አገር ስንት ናት። ሌላዋ ትሆናለች ብዬ ራሴን አሳመንሁት።

እናትዓለም ቀበሌ ሄዳ መዝገቡን አገላበጠች። በዚያ ስም መታወቂያ ያወጣች ሴት የለችም። ተመልሳ መጥታ ደጄ ላይ ቆመች።

«የክርስትና ስም ነው» አለች። «የክርስትና ስም የሚያውቅ ማን ነው? የነፍስ አባት ነው።»

ልክ ነበረች። ግማሽ መንገድ።

ቄስ ገብረ መስቀል ያን ቀን ከቀትር በኋላ ለልቅሶ መጡ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሐይቁ ውስጥ ካለው ደሴት ገዳማት በአንዱ ተምረው ያደጉ፣ ለሰፈሩ ግማሽ የነፍስ አባት የሆኑ፣ የኔም ጭምር። እናትዓለም በክብር አስቀመጠቻቸው፤ የጠየቀቻቸው ግን እንደ ማንኛውም ሰው ነው።

«ከሕዝቅኤል ጋር ተጣልተዋል ይባላል።»

«ተጣልተናል። ታርቀናል። የሚሠራ ሰው መብላት አለበት ብሎ አስረዳኝ፤ ገባኝ። ፋሲካ ላይ ነው ነገሩ።»

«ማን አስታረቃችሁ?»

«ማንም። እሱም መጣ፣ እኔም በር ከፈትሁ።»

«እሑድ ዐሥር ሰዓት የት ነበሩ አባ?»

«የታመመ ሰው ቤት።»

«የማን ቤት?»

«ንስሐ ሊገባ የጠራኝን ሰው ስም አላወጣም።»

«ወለተ ሚካኤል ማን ናት?»

ቄሱ መሬት መሬት አዩ። እኔ አጠገባቸው ነኝ፤ እጄን ብዘረጋ ቀሚሳቸውን እነካለሁ። ወደ እኔ አንድ ጊዜ እንኳ አላዩም።

«አልናገርም።»

«አያውቁም? ወይስ አይናገሩም?»

«አልናገርም ነው ያልሁሽ ልጄ።»

«የሰው ሕይወት ነው የጠፋው። ዝምታዎ በሕግ ያስጠይቅዎታል።»

«መናገሬም በሌላ ሕግ ያስጠይቀኛል።»

ተነሥታ ወጣች፤ ከውጭ በስልክ ለረጅም ጊዜ ስትነጋገር ሰማሁ። ከዚያ ሁለት ፖሊሶች መጡና ቄሱን በክንዳቸው ይዘው መኪና ውስጥ አስገቧቸው። ልቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ተነሣ። አንዱ «ገዳይ ቄስ» ብሎ ሲያጉተመትም ሰማሁት፤ ማን እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ አፉን ማስያዝ ይገባኝ ነበር። ዝም አልሁ። በዕድሜዬ ዝም ማለትን የተማርሁት ያን ቀን ነው፤ የማይረባ ትምህርት ነው።

ሐሙስ ጧት በባጃጅ ፖሊስ ጣቢያ ሄድሁ። ቄስ ገብረ መስቀል ግቢው ውስጥ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ወታደሩ እንድጠጋ ፈቀደልኝ።

«አባ፣ ይናገሩ እንጂ። የኔ ስም መሆኑን ይንገሯቸው።»

«የኔ ያልሆነውን እንዴት እሰጣለሁ?»

«በኔ ምክንያት እዚህ ሊያረጁ ነው?»

«ካረጀሁ ቆይቷል» አሉ። ትንሽ ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታቸው ጠፋ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ስሙን ሲጠሩት እኔ ያሰብሁት ስለ ራሴ አይደለም። ከእኔ ሌላ ማን ያውቃል ብዬ ነው። አስቢበት። ከዚያ በኋላ መግባት ካለብሽ ግቢ።»

ማሰብ አልፈለግሁም። በቀጥታ ወደ እናትዓለም ክፍል ገባሁ። ሀኒም እዚያ ነበረች፤ ከኮምፒዩተሩ የሚወጣውን ታነብላታለች።

«ዋሽቼሻለሁ» አልሁ። «ወለተ ሚካኤል እኔ ነኝ። ሽማግሌውን ልቀቋቸው።»

እናትዓለም እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ፕሮግራሙን የሚሸጡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ከገበያ ጎመን እንኳ ተከራክሬ ገዛሁ እንጂ ሸጬ አላውቅም።»

«እንግዲያ ሌላ ወለተ ሚካኤል ትሆናለች።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር።»

ሀኒ አንድ የታተመ ወረቀት አወጣች። «ይሄ ከማመልከቻው ጋር ለሱቁ የተላከ ነው» አለች። «ወለተ ሚካኤል የተባለችው ሴት በስሟ እንዲሸጥ የፈቀደችበት የውክልና ወረቀት። ፊርማ የለውም፤ የጣት አሻራ ነው።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። ጽሑፉን አላውቀውም። አሻራውን ግን አወቅሁት። የቀኝ አውራ ጣቴን በልጅነቴ ደንገል ሳጭድ ማጭድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸንትሮታል። ወረቀቱ ላይ ያ ሽንትር ነጭ መስመር ሆኖ ተኝቷል። አውራ ጣቴን አነሣሁና አጠገቡ አሳረፍሁት።

እናትዓለም ጎንበስ ብላ ጣቴንና አሻራውን አመሳከረች።

«ይሄን መቼ ነው ያተሙት?» አለች እናትዓለም።

አስታወስሁ። ዐምና በኅዳር ነው። የእርሻ መሬታችን ለቤት መሥሪያ በተወሰደ ጊዜ፣ ለካሳው የሚያስፈልግ ነው ተብሎ አምስት ወረቀት ላይ አተምሁ። ወረቀቱን ማን እንዳመጣው አስታወስሁ። አልተናገርሁም።

«እማማ ጽጌ። የክርስትና ስምዎን ማን ማን ያውቃል?»

«አባ ገብረ መስቀል።»

«ሌላ?»

«እናቴ። ሞታለች። ክርስትና ያነሣችኝ፣ ሞታለች። እኅቴም ሞታለች...» ቆምሁ።

«ሌላ?»

የዛሬ ሦስት ዓመት በጠና ታምሜ ነበር። ሆስፒታል ተኝቼ ሐኪሞቹ ፊታቸውን ሲያዞሩ አየሁ። ቄሱም ያን ጊዜ ደሴቱ ላይ ነበሩ። ብሞት ፍትሐቴ ላይ ስሜን የሚጠራ አይኖርም ብዬ ፈራሁ። አልጋዬ አጠገብ የተቀመጠውን ሰው ጎንበስ በል አልሁትና በጆሮው ነገርሁት። ቄሶቹ ሲጠይቁህ ይህን በል፣ ሌላ ጊዜ ለማንም አታውጣው አልሁት። አለቀሰ። እጄን ሳመ።

ቄስ ገብረ መስቀል በመስኮቱ ይታዩኛል፤ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው እየሳቡ ነው። አንድ ቃል ባልናገር ልጄ ቢሮው ገብቶ ይውላል፤ እሳቸውም እዚያው ይቀራሉ። ሕዝቅኤልም አንበሳሜ አፈር ውስጥ ይቀራል። ከመካከላቸው አንዱን ብቻ ነው መምረጥ የምችለው፤ የወለድሁት ደግሞ አንዱን ብቻ ነው።

«ምናሴ» አልሁ። «ልጄ ምናሴ ያውቃል።»

ሀኒ አፏን በእጇ ያዘች። እናትዓለም ግን የተገረመች አልመሰለችም።

«የደልጊውን ደንበኛ ትናንት በስልክ አግኝቼው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ምናሴ ደልጊ የደረሰው ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ነው አለኝ። ሰውየው ቀን ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ያዝሁት። አሁን አይመስለኝም።»

«አስጠሪው። እኔ እዚህ እቀመጣለሁ።»

«ባይቀመጡ ይሻላል።»

«ስሙ የኔ ነው። እኔ ነኝ የምጠይቀው።»

ፈቀደችልኝ። ደንብ አይፈቅድ ይሆናል፤ ፈቀደችልኝ።

ምናሴ ወረቀት ለማጣራት የተጠራ መስሎት ከረባቱን እንዳሰረ መጣ። እኔን ሲያይ ቆመ።

«እማዬ? አንቺ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

«ስሜን ምን አደረግኸው?»

«የምን ስም?»

«ለፍትሐቴ የሰጠሁህን።»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አየ። ተቀመጠ። ማንም ተቀመጥ አላለውም።

«ሕጉ የሻጩ እውነተኛ ስም ይገለጥ ነው የሚለው» አለ ለእናትዓለም፣ ቢሮው ውስጥ እንደሚናገረው። «እውነተኛ ስም ነው የገለጥሁት። ሐሰት የለበትም።»

«ማንም ሊያገኘው የማይችል እውነት» አለች።

«በሕዝቅኤል ስም ቢሆን ሱቁ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው። ነገ በቃኸኝ ቢለኝ ምን ይዤ እቀራለሁ? በራሴ ስም ደግሞ እኔ ጠበቃ ነኝ፤ ከውጭ ክስ ቢመጣ ፈቃዴ ነው የሚሄደው። ማንም የማይከሳት ሰው ያስፈልገኝ ነበር።»

«ፊደል የማታውቅ አሮጊት» አልሁ።

ወረቀቱን አሻራው እንዳይታይ ገለበጠው።

«እሑድስ?» አለች እናትዓለም።

ከረባቱን ፈታ፤ እጁ ላይ ጠቀለለው። «ደብዳቤው ለሱም ደርሶት ኖሯል። ሐይቁ ዳር እንገናኝ አለኝ፤ ግቢ ውስጥ እማዬ እንዳትሰማ ብሎ። ወለተ ሚካኤል ማን ናት አለኝ። እናቴ ናት አልሁት። ይስቃል ብዬ ነበር።»

«አልሳቀም» አለች እናትዓለም።

«‹ታውቃለች?› አለኝ። አታውቅም አልሁት። ‹በማታውቀው ነገር በስሟ ልትጠየቅ? አሁኑኑ ሄጄ እነግራታለሁ› ብሎ ዞረ። እጁን ያዝሁት፤ ነጠቀኝ። ገፋሁት። ድንጋዩን አላየሁትም... እግዚአብሔር ያውቃል አላየሁትም። ታንኳው እዚያው ነበረ። ውኃው ይወስደዋል ብዬ ነው።»

«ስልኩስ?»

«ሐይቁ ውስጥ ነው።»

ልጁ የሞተው ለኔ ሊነግረኝ ቤቴ ሲመጣ ነው። በዚያች ሰዓት ምን እያደረግሁ እንደነበር አውቃለሁ፤ በሩ ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። መንገዱ ከተቀመጥሁበት ይታያል።

ምናሴ ወደ እኔ ዞረ። «እማዬ፣ አንቺ ነሽ የነገርሻቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ልጅሽ ነኝ እኮ።»

«እሱም የሰው ልጅ ነበር» አልሁት። ተነሥቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ሀኒ ደርሳ ደገፈችኝ። ልትገፋኝ የሚገባት ልጅ።

ቄስ ገብረ መስቀል በማግስቱ ተለቀቁ። ገዳይ ያላቸውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄጄ የሚገባውን ነግሬዋለሁ፤ ያን እዚህ ማስጻፉ አያስፈልግም።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሀኒ ወረቀት ይዛ መጣች። እዚያ ማዶ ባለው ሕግ ሻጯ አሁንም እኔ ነኝ አለችኝ። ሌላ ስም እስኪገባ ድረስ ለገዢዎቹ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ለጀርመኗ ሴት ይቅርታ ጻፊላት፤ የከፈለችውም ይመለስላት፤ ለሌሎቹም መብታቸው በግልጥ ይጻፍላቸው አልኋት። ጻፈች። ፕሮግራሙ ደግሞ የልጁ ነውና ለወራሹ ይተላለፋል፤ ወራሹ እናቱ ናት። እሷ ከፈቀደች ስሟና አገሯ ለዓለም ይገለጣል፤ ካልፈቀደች ይወርዳል። ወረቀቱን እሷ መፈረም አለባት።

«እኔ አደርሰዋለሁ» አለች ሀኒ።

«የሻጯ እጅ ነው የሚያደርሰው» አልኋት።

አንበሳሜ በሚኒባስ ሄድን። ቤቱን ማንም አላሳየንም፤ ሰው ሲወጣ ሲገባበት አይተን አወቅነው። ግቢው ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ሲያዩኝ ወሬያቸው ቆመ። እናቱ እትዬ መቅደላዊት ጥቁር ለብሳ ወጣች። ከኔ በብዙ ታንሳለች። ጸጉሯን ተላጭታለች።

«ማን ነሽ?»

ሀኒ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ በእጄ ያዝኋት።

«ልጅሽ ቤቴ ይኖር ነበር» አልሁ። «ልጅሽን የገደለውም ልጄ ነው።»

አንዲት ሴት ወደ እኔ ስትነሣ ሌሎቹ ጎተቷት። እትዬ መቅደላዊት አልተንቀሳቀሰችም። ረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ዓይኔን እንዳልሰብር በኃይል ነው የያዝሁት።

«ቤትሽ ሲኖር ምን ይበላ ነበር?» አለችኝ።

ለዚህ አልተዘጋጀሁም።

«ጾም ባልሆነ ቀን ዓሣ ይወድ ነበር» አልሁ። «እሾሁን መልቀም አይችልም። ተምሮ እሾህ መልቀም አቃተው እያልሁ እየተሳደብሁ እለቅምለት ነበር።»

«ከልጅነቱም አይችልም» አለች።

እጇን ዘረጋች። ወረቀቱን ሰጠኋት። ሳታየው አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችውና ወደ ቤት ገባች። የምትመለስ አልመሰለኝም። ሀኒ ክንዴን ይዛ እንሂድ ስትለኝ ሴትዮዋ በርጩማ ይዛ ወጣች። ከደጃፉ ወዲያ ሳታስገባኝ፣ ከደጃፉ ወዲህ፣ ውጭ አፈሩ ላይ አስቀመጠችው።

ተቀመጪ አላለችኝም። ተቀመጥሁ።